ቅዳሜሽን ለማን ትሰጫለሽ?

ጋሼ በወጣትነታቸው ባሌ፣ ጎባ ከተማ በመንግሥት ጋራዥ መካኒክ ነበሩ። ኮሎራዶ ከመጡ በኋላም ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አውቶቡስ ሲጠግኑ ኖረዋል። እኔ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ሁለት ዓመት በሰው ሞተር ሳይክል ተለማምጄ ዘንድሮ የራሴን ለመግዛት ቆረጥሁ። የምፈልገው እዚህ አገር ዱዋል ስፖርት የሚሏትን፣ ሰሌዳ ለጥፋ በአስፋልት የምትሄደውን፣ ፒስታውንም ድንጋያማውን ዳገትም የማትፈራውን ዓይነት ነው። ያገለገሉ ሁለት ሞተሮች መርጫለሁ፤ አንዷ የጃፓን ሱዙኪ ዲአር 650፣ ሌላዋ የኦስትሪያ ኬቲኤም 690 ኢንዱሮ። የተራራው በረዶ ገና ሳይቀልጥ፣ በግንቦት አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ጋሼ ቤት ሄጄ የተነጋገርነውን እንዲህ ጻፍሁት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እኔ፦ ጋሼ፣ በአንድ ቃል ይገላግሉኝ። የጃፓን ልግዛ ወይስ የአውሮፓ?

ጋሼ፦ መጀመሪያ ተቀመጪ፤ ቡናው ሊደርስ ነው። በአንድ ቃል የሚያልቅ ነገር ቢሆን በስልክ እነግርሽ ነበር። እስቲ ልብሽ ወደየትኛዋ እንዳዘነበለ ንገሪኝ። የልብን ደብቆ ምክር መጠየቅ ጊዜ መፍጀት ነው።

እኔ፦ ልቤማ ኬቲኤሟ ጋ ነው። በአንድ ሲሊንደር 74 የፈረስ ጉልበት ታወጣለች፤ ያለ ቤንዚን 150 ኪሎ አትሞላም። ሱዙኪዋ ከነቤንዚኗ 166 ኪሎ ናት፤ ጉልበቷ ግን የኬቲኤሟን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይደርስም። ደግሞ በ1996 የወጣችበት መልክ ነው እስካሁን ያለው። አዲስ ሲሸጡ የኬቲኤሟ ዋጋ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ሰው ይህን ሁሉ ገንዘብ በከንቱ ይከፍላል? በዚያ ላይ ዳካርን ማን ሲያሸንፍ ኖረና!

ጋሼ፦ ዳካርን ካነሳሽ ከሥሩ እንቁጠረዋ። የመጀመሪያው ውድድር በታኅሣሥ 1978 መጨረሻ ከፓሪስ ተነሣ። ዳካር ቀድሞ የገባው ሲሪል ኔቩ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ነው። ሞተሩ ያማሃ ኤክስቲ 500 ነበረች፤ በአየር የምትቀዘቅዝ፣ ማንም ሰው ከሱቅ የሚገዛት ባለ አንድ ሲሊንደር። በ1981 ቢኤምደብልዩ አሸነፈ፤ ከ1983 እስከ 1985ም ደገመው። ከ1986 እስከ 1989 ሆንዳ ወሰደው። በዘጠናዎቹ ስቴፋን ፒተርሃንሰል በያማሃ ስድስት ጊዜ በላ። ከዚያ ከ2001 እስከ 2019 የኬቲኤም ዘመን ሆነ፤ በ2008 ውድድሩ ቀርቶ ስለነበር 18 ተከታታይ ድል ማለት ነው። በ2020 ደግሞ አሜሪካዊው ሪኪ ብራቤክ በሆንዳ ያን ሰንሰለት በጠሰው። ምን አየሽበት?

እኔ፦ ዋንጫው ከእጅ እጅ እንደሚዞር።

ጋሼ፦ እኔ ሌላ ነገር አይበታለሁ። እነዚያ ሁሉ አሸናፊዎች ማታ ሰፈር ሲደርሱ መካኒክና መለዋወጫ የጫነ መኪና ይጠብቃቸዋል። ነጂው ሲተኛ ሞተሩ ይፈታል፣ ዘይቱ ይቀየራል፣ ጠዋት እንደ አዲስ ይነሣል። አንቺን እዚህ ኮሎራዶ ተራራ ላይ፣ ሞስኪቶ ፓስ ጫፍ ማን ይጠብቅሻል?

እኔ፦ ማንም።

ጋሼ፦ እንግዲህ ከዚያ እንጀምር። የሁለቱን ወገን ልዩነት ለመረዳት ወደ 1968 ልመልስሽ። ከዚያ በፊት እዚህ አሜሪካ ጫካ የሚገባ ሞተር ሲባል የአውሮፓ ነበር፤ የስዊድን ሁስክቫርና፣ የስፔን ቡልታኮ። ለውድድር የተሠሩ ናቸው፤ ፈጣን ናቸው፤ ግን ባለቤታቸው እጁ ከዘይት አይወጣም። በ1968 ያማሃ ዲቲ 1 የሚላትን ባለ 250 ሲሲ አወጣ። መብራት አላት፣ ሰሌዳ ይለጠፍባታል፣ ጠዋት በአንድ ርግጫ ትነሣለች። ሰውየው ሰኞ ሥራ ይሄድባታል፣ እሁድ ጫካ ይገባባታል፣ ማታ በዚያችው ቤቱ ይመለሳል። ዱዋል ስፖርት የምትሉት ነገር ሕዝብ እጅ የገባው በዚያች ነው።

እኔ፦ ኬቲኤምስ?

ጋሼ፦ በዚያው በ1968 ነዋ ታሪኩ! ጆን ፔንተን የሚባል የኦሃዮ ሰው ነበር፤ ራሱ ተወዳዳሪ። ለጫካ ውድድር ቀላል ትንሽ ሞተር ፈልጎ አጣ። ኦስትሪያ፣ ማቲግሆፈን ወደሚባለው ከተማ ሄዶ ኬቲኤምን ለመነ፤ እነሱም ሠሩለት። ለዓመታት እዚህ አገር በእሱ ስም፣ ፔንተን ተብላ ተሸጠች። አየሽ፣ በአንድ ዓመት ሁለት ልጆች ተወለዱ። አንደኛዋን የወለዳት ማሸነፍ የፈለገ ሰው ነው። ሌላዋን የወለዳት ሠራተኛው ሰው ሄዶ በሰላም እንዲመለስ ያሰበ ፋብሪካ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ አጥንታቸው ግን ያው ነው።

እኔ፦ እርስዎ ግን በጃፓን ሞተር ስላደጉ ያዳላሉ ይሉዎታል።

ጋሼ፦ አዎን፣ ያሳደገኝን አልክድም። እዚያ ጋራዥ ስገባ የተማርሁት ቋንቋ ሳይቀር ይገርመኝ ነበር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፤ ቃሉ ሁሉ የጣሊያን ነው፤ በእጃችን ያለው ብረት ግን የጃፓን። አውሮፓ ስሙን ትቶልን ሄደ፤ ጃፓን ዕቃውን ላከልን። የወረዳው የልማት ሠራተኛ፣ የክትባት ሠራተኛው፣ ገጠር የሚወጣው ሁሉ በጃፓን ሞተር ነበር የሚሄደው። ያማሃ ኤጂ የምትባለዋን ታውቂያለሽ?

እኔ፦ ፊት ለፊትም ከኋላም መጫኛ ያላትን?

ጋሼ፦ እሷን። ስሟ ራሱ የእርሻ ማለት ነው፤ ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬ የታሰበች። ሰንሰለቷ ጭቃ እንዳይገባው ተሸፍኗል። ማቆሚያዋ በግራም በቀኝም አለ፤ ለምን ይመስልሻል? ገበሬው ዳገት ላይ በየትኛውም ጎን ሲወርድ እንዲያቆማት ነው። ይህን ያሰበው መሐንዲስ ውድድር አላሰበም። በግ የሚጠብቅ ሰው ነው ያሰበው። እኛም ጋ ስትመጣ የታሰበችልን ያህል ሆነች።

እኔ፦ ሳነቴ ላይ ያጋጠመዎትን ይንገሩኝ። ለሌሎቹ ሲያወሩ ከመሃል ነው የሰማሁት።

ጋሼ፦ ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚሄደው መንገድ የሳነቴን አምባ ያቋርጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አንድ የልማት ሠራተኛ እዚያ ላይ ሞተሩ ጠፍታበት በጭነት መኪና መልእክት ላከ። እኔም በሌላ ጭነት መኪና ወጣሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ዙሪያው ጅብራ ብቻ ነው፤ ቀይ ቀበሮ ከሩቅ ቆማ ታየናለች። ሞተሯ ዘይት ከቤንዚን ጋር የምትጠጣ ባለ 125 ሲሲ ናት፣ የጃፓን። ካንዴላውን ስፈታው እንደ ከሰል ጠቁሯል። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ግድም ነው የሚሆነው። ካርቡራተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቆላ ሲሰጥ የነበረውን ቤንዚን ይሰጣል። ቤንዚኑ ይበዛል፣ ሳይቃጠል ይቀራል፣ ካንዴላውን ያለብሰዋል። ፊልትሮውም የመንገዱን አቧራ ጠጥቷል። ካንዴላውን በቢላዋ ጠረግሁት፤ ፊልትሮውን በቤንዚን አጥቤ ጨመቅሁት፤ የካርቡራተሩን መርፌ አንድ ጥርስ ዝቅ አደረግሁት፣ ቤንዚኑ እንዲቀንስ። በሦስተኛው ርግጫ ተነሣች። በእጄ የነበረው የካንዴላ ቁልፍ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና ቢላዋ ብቻ ነው።

እኔ፦ ሌላ መሣሪያ አልያዙም?

ጋሼ፦ ሌላ መሣሪያ አልነበረኝም፤ አላስፈለገምም። በጭነት መኪናው ስመለስ ያሰብሁት እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ያን ካርቡራተር የሠራው ሰው ባሌን አያውቅም፤ እኔንም አያውቅም። ግን በአራት ዕቃ የሚፈታ አድርጎ ሠራው። ከሰው የራቀ ሰው እንደሚኖር አስቦልኛል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ክብር ነው።

እኔ፦ እኔም ባለፈው ነሐሴ የደረሰብኝን ስለሚያውቁ ነው ይህን የሚነግሩኝ።

ጋሼ፦ አንቺው ንገሪኝ፤ ከአንቺ አፍ በደንብ አልሰማሁትም።

እኔ፦ የተዋስኋት ሞተር ነበረች፤ የማን ሥሪት እንደሆነች ይቅር። ከሞስኪቶ ፓስ ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ባለው ድንጋይ ላይ ወደቅሁ። እኔም አልተጎዳሁም፣ እሷም አልተሰበረችም። በሽተኛ እንደምናነሣው ጉልበቴን አጥፌ፣ ጀርባዬን ለመቀመጫዋ ሰጥቼ፣ በእግሬ ኃይል አነሣኋት። ከዚያ ግን አልነሣ አለች። ዳሽቦርዷ ላይ ቢጫ መብራት በራ፣ አንድ ቁጥር ወጣ። ቁጥሩ ምን እንደሚል የሚያውቅ ኮምፒዩተር ከተማ ነው ያለው። ካንዴላው የት እንዳለ እንኳ ለማየት የቤንዚን ታንኩ መነሣት ነበረበት። አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ሰው ጠበቅሁ። ማታ ተረኛ ነበርሁ፤ በእኔ ፈንታ ሌላ ልጅ ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ ገባች። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ጋሼ፦ እና ከዚያ በኋላም ልብሽ የበለጠ ኤሌክትሮኒክስ ወዳላት ሄደ።

እኔ፦ ግን ጋሼ፣ ኤሌክትሮኒክሱ ጥቅምም አለው። የነገሩኝን የሳነቴውን ችግር ራሱን የሚፈታው እሱ አይደል? ሞስኪቶ ፓስ 4,019 ሜትር ነው። ቤንዚን በኮምፒዩተር የሚረጭባት ሞተር አየሩን ለክታ ቤንዚኑን ራሷ ትቀንሳለች። መርፌ ዝቅ ማድረግ የለ፣ ካንዴላ መጥረግ የለ።

ጋሼ፦ እውነትሽን ነው፤ አልከራከርሽም። ዳገት ላይ ስትወጪ ሁለቱም ጉልበት ያጣሉ፤ አየር ከሌለ የሚቃጠል የለም። ግን የሚረጨዋ ሳታጨስ፣ ሳትንተፋተፍ ትወጣለች። ሱዙኪዋ ጫፍ ላይ ትከብዳለች፣ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች፤ ሆኖም ትወጣለች። በአንጻሩ የሚረጨዋ ፓምፕ አላት፤ ፓምፑ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ባትሪው ጨርሶ ከሞተ ቁልቁል ብትገፊያትም ቤንዚን አይደርሳትም። ካርቡራተር ያላት ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርድላታል። አንዱን ስታተርፊ አንዱን ትከፍያለሽ። ደግሞም ይህ የአውሮፓና የጃፓን ጉዳይ አይደለም። ሆንዳ ሲአርኤፍ 300 ኤል ቤንዚኗ በኮምፒዩተር ነው የሚረጨው፤ የካዋሳኪ ኬኤልአር 650ም ከ2022 ሞዴል ጀምሮ እንደዚያው ሆናለች።

እኔ፦ እንግዲህ ምኑ ነው የአውሮፓና የጃፓን ጉዳይ?

ጋሼ፦ ነይ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ።

(ተነሥተው ወደ ጋራዡ ጥግ ሄዱ። ለዓመታት የምድጃ ዕቃ መስሎኝ የኖረውን ብርድ ልብስ ገለጡት። ከሥሩ ብርቱካናማ ኬቲኤም 500 ኢኤክስሲ ቆማለች፤ ንጹሕ፣ ቀጭን፣ እንደ ሚዳቋ እግረ ረጅም።)

እኔ፦ ጋሼ! የእርስዎ ናት?

ጋሼ፦ የእኔ ናት። ያለ ቤንዚን 110 ኪሎ ግድም ናት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሞተር ነድቼ አላውቅም። ድንጋይ ላይ ስትወጪ ከአንቺ ቀድማ ታስባለች። አሞርዛተሯ የሚውጠውን ጉድጓድ ሱዙኪዋ ብታየው ትደነግጣለች። አንቺ የመረጥሻቸውን ሁለቱን ብትለኪ፣ ጎማቸው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ርዝመት ይቀራረባል፤ የሱዙኪዋ 26 ሴንቲ ሜትር፣ የኬቲኤሟ 25። ርዝመቱ ሳይሆን በውስጡ ያለው ዘይት እንዴት እንደሚታዘዝ ነው ልዩነቱ። የኬቲኤሟን እንደ ክብደትሽ፣ እንደ መንገዱ ታስተካክያለሽ። የሱዙኪዋ የፊት ሹካ ፋብሪካው እንደሠራው ነው፤ ለስላሳ ነው፤ ፈጠን ስትይ ይሰምጣል። ይህን የሚክድ ሰው አውሮፓን አልነዳም።

እኔ፦ ታዲያ ለምን ደበቋት?

ጋሼ፦ አልደበቅኋትም፤ ለብሳ ነው የምታርፈው። ይህን ደብተር እዪ። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጉዞ ነው። በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ነው የምጽፈው፤ ፋብሪካዋም የምትጠይቀው በሰዓት ነው። በየ15 ሰዓቱ ዘይትና ፊልትሮ። ጫካ ውስጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትሄጂ 15 ሰዓት ማለት 600 ኪሎ ሜትር ነው። ሆንዳ 300ዋ ደግሞ ዘይት የምትጠይቀው በ12,800 ኪሎ ሜትር ነው። እሷ አንድ ጊዜ ስትቀይር የእኔዋ ከሃያ ጊዜ በላይ ትቀይራለች።

እኔ፦ ለምን ይህን ያህል?

ጋሼ፦ ክብደት ስለጠሉ። ዘይቷ ከ1.5 ሊትር አይበልጥም፤ ጥቂት ዘይት ቶሎ ይደክማል። ፒስተኗ አጭርና ቀላል ነው፣ በፍጥነት እንዲመላለስ፤ ቀላል ነገር ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ያ ሁሉ ደስታ የሚመጣው ከዚህ ነው። በነፃ አልተሰጠኝም። በየቅዳሜው እከፍላለሁ። እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ ልጆቼ አድገዋል፤ ቅዳሜ አለኝ። እዚህ ቁጭ ብዬ ዘይት ሳፈስ፣ ፊልትሮ ሳጥብ መዋል ለእኔ እረፍት ነው። አንቺ በሳምንት ስንት ሌሊት ነው የምትሠሪው?

እኔ፦ ሦስት፤ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት። ቅዳሜ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ተኝቼ ነው ወይ ገብቼ።

ጋሼ፦ እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜሽን ለማን ትሰጫለሽ? ለጥገና ወይስ ለመንገዱ?

እኔ፦ ግን ቆይ ጋሼ። እኔ የመረጥኋት እኮ ይቺን አይደለም። 690ዋ ሰርቪስ የምትጠይቀው በ10,000 ኪሎ ሜትር ነው። እሷንም ከውድድር ሞተር ጋር አብረው ሊኮንኑብኝ ነው?

ጋሼ፦ አልኮንንም፤ ጥሩ አድርገሽ ያዝሽኝ። 690ዋ መሃል ላይ ናት፤ መንገድ የለመደች የውድድር ልጅ። እንዲያውም ካልሽ ባንዲራ ብቻ እያዩ መፍረድ እንዴት እንደሚያሳስት ልንገርሽ። ሆንዳ ሲአርኤፍ 450 አርኤል የሚላትን ሰሌዳ ለጥፎ ይሸጣል፤ የጃፓን ናት። መጽሐፏ ግን ዘይት በ1,000 ኪሎ ሜትር ግድም ይላል፤ ምክንያቱም ሥሯ የውድድር ሞተር ነው። በሌላ በኩል የ1980ዋን ቢኤምደብልዩ አር 80 ጂኤስ ውሰጂ። ጀርመን ናት፤ ግን ሁለቱ ሲሊንደሮቿ በግራና በቀኝ ወጥተው ቫልቮቿ እጅሽ ሥር ናቸው። ሰንሰለት እንኳ የላትም፤ በዘንግ ነው የምትሄደው። ሰው አፍሪካንና እስያን የዞረባት ሞተር ናት። አገሩ ፍንጭ ይሰጥሻል፤ ፍርድ ግን አይሰጥሽም። የቷ ለምን ተወለደች ብለሽ ጠይቂ።

እኔ፦ ዛሬማ አገሩም ተደባልቋል። ኬቲኤም ትንንሾቹን ሕንድ ከባጃጅ ጋር ነው የሚሠራቸው። ቢኤምደብልዩም 310ዋን ሕንድ ነው ያሠራት። የሆንዳ 300ዋ ታይላንድ ትሠራለች።

ጋሼ፦ ኬቲኤም በኅዳር 2024 ዕዳ በዝቶበት ፍርድ ቤት ሲቀርብ ገንዘብ ይዞ የደረሰለት ማን ሆነና? ያው ባጃጅ። እኛ አገር ባለ ሦስት እግሯን በስሙ የምንጠራው ኩባንያ፣ ዛሬ የዳካርን ንጉሥ ደግፎ አቆመው። ስለዚህ የጃፓን፣ የአውሮፓ የምንለው የፋብሪካውን አድራሻ ብቻ እንዳይመስልሽ። የአስተሳሰብ ስም ነው። አንደኛው ነጂው ምን ያህል ይችላል ይላል። ሌላኛው ነጂው ምን ያጋጥመዋል ይላል።

እኔ፦ ይኸኛው ገባኝ። እኔም ሆስፒታል ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት መሣሪያ አያለሁ። በጣም ትክክለኛውን የሚለካ፣ ግን በየጠዋቱ ካላስተካከሉት የሚሳሳት አለ። ደግሞ ለሃያ ዓመት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚሠራ የደም ግፊት መለኪያ አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ አምቡላንስ ላይ የምንጭነው ግን ሁለተኛውን ነው።

ጋሼ፦ አየሽ፣ መልሱ አንቺው ጋ ነበር። እስቲ ለአንቺ ለራስሽ እንለካው። ቁመትሽ አጭር ነው፤ አትቀየሚኝ።

እኔ፦ እውነት ነው፤ ምን ያስቀይማል።

ጋሼ፦ የ690ዋ መቀመጫ ከመሬት 91 ሴንቲ ሜትር ነው። የሱዙኪዋ 88.5 ነው፤ ፋብሪካው ራሱ ባዘጋጀው ሁለተኛ ማሰሪያ ወደ 84.5 ይወርዳል። ድንጋይ መሃል ስትቆሚ አንድ እግርሽ ሙሉ መሬት ቢረግጥ፣ ባለፈው ነሐሴ የወደቅሽው መውደቅ አይኖርም ነበር። ሁለተኛ፣ ሱዙኪዋ ከ1996 ወዲህ አልተለወጠችም ብለሽ ነቀፍሻት። እኔ ደግሞ ያን ነው የምወድላት። የድሮዋ ዕቃ ለአዲሷ ይሆናል፣ የአዲሷ ለድሮዋ። ከተሰባበረ ሞተር ላይ ፈትተሽ ታስገቢያለሽ። በየመንደሩ የገጠማት ችግር ሁሉ መልሱ ታውቋል። ሦስተኛ፣ የቫልቮቿ ክፍተት የሚስተካከለው በብሎንና በዳዶ ነው። እኔ ሳልኖር አንቺ ራስሽ ትሠሪዋለሽ።

እኔ፦ እና በሚተርፈኝ ገንዘብ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ጓንት፣ ጥሩ ሄልሜት። ካላማዳሪያ መቀየሪያና መንፊያ፤ ተራራ ላይ ጎሚስታ የለም። የቀረውን ለቤንዚን። ሱዙኪዋ የፊት ሹካዋ ለስላሳ ነው ብያለሁ፤ በኋላ ጠንካራ ሞላ ታስገቢያለሽ። አንቺ ከእሷ በላይ ስትነጂ ያኔ ነይና ስለ ብርቱካናማዋ እናወራለን። ግን አንድ ነገር ከእኔ ያዢ።

እኔ፦ ምን?

ጋሼ፦ የጃፓን ሞተር ይቅር ባይ ናት። ዘይቷን ብታዘገዪ ትታገሥሻለች፤ ፊልትሮዋን ብትረሺ ትሄዳለች። እኛ አገር ያየሁትን ልንገርሽ፤ ሰው ይህን ይቅርታዋን አይቶ ይበድላታል። አትበላሽም እያለ ዘይት ሳይቀይር፣ ሰንሰለት ሳይቀባ፣ አንድ ቀን ካምቢዮዋ ይነክሳል። ያኔ የጃፓን ዕቃም ረከሰ ይላል። ይቅር ባይ ናት ብለሽ አትበድያት። እኔ ደብተር መያዝ የተማርሁት ከኦስትሪያዋ ነው፤ አንቺ ለጃፓኗም ያዢላት።

*

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሱዙኪዋ የጋሼ ጋራዥ ውስጥ ቆማለች። ሻጩ ወደ 18,000 ማይል ነድቷታል። ጋሼ ከገዛን ማግሥት እንድትነሣ አልፈቀዱም፤ ቫልቭ የሚለካው በቀዝቃዛ ሞተር ነው። እኔ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ደረስሁ። ታንኩን አንሥተው፣ ክዳኖቹን ፈትተው፣ ፒስተኑን ጫፍ ላይ አድርሰው ጠበቁኝ። ከዚያ ፊለር ጌጅ የሚሉትን የብረት ቅጠሎች እጄ ላይ አስቀመጡና ወደ ኋላ አሉ።

ጋሼ፦ አየር ማስገቢያው ከ0.08 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው። የ0.10ሯን ቅጠል በብሎኑና በቫልቩ ጫፍ መሃል አስገቢ። ስትስቢያት ምን ይሰማሻል?

እኔ፦ ምንም። ዝም ብላ ትወጣለች።

ጋሼ፦ ሰፍቷል ማለት ነው። ዳዶውን አላዪ፤ ብሎኑን በጣም በትንሹ አዙሪ፤ እንዳይዞርብሽ ይዘሽ ዳዶውን አጥብቂ። አሁን ሳቢ።

እኔ፦ አልወጣም አለች።

ጋሼ፦ አጠበቅሽው። መልሺ። አትቸኩዪ፤ ማንም አይጠብቅሽም።

እኔ፦ አሁን... ትንሽ ያዝ ያደርጋታል፤ ግን ትወጣለች።

ጋሼ፦ ምን ያህል ያዝ ያደርጋታል?

እኔ፦ የጉሉኮስ ካኑላ ከደም ሥር ስስብ ጣቴ ላይ የሚሰማኝን ያህል። ያችን ትንሽዬ መያዝ።

ጋሼ፦ እኔ ለሃምሳ ዓመት ለሰው የማስረዳበት ቃል ስፈልግ ኖሬ፣ አንቺ በአንድ ጠዋት አገኘሽው። ልክ ነው። ሁሉንም እንደዚያ አድርጊ።

አራቱንም ጨረስን። የማስወጫዎቹ ክፍተት ከ0.17 እስከ 0.22 መሃል ነው፤ በ0.20 ቅጠል ለካናቸው። ጋሼ ከኪሳቸው ያልተጻፈበት ትንሽ ደብተር አውጥተው ሰጡኝ። እጄ ዘይት ነበር፤ በሱሪዬ ጠርጌ ጻፍሁ፦ ማስገቢያ 0.10፣ ማስወጫ 0.20፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ፣ ዘይትና ፊልትሮ ተቀይሯል።

ጋሼ በትከሻዬ በኩል አነበቡና፣ «ቀኑን ረሳሽ» አሉኝ።

ከመስመሩ ፊት ጨመርሁ፦ ቅዳሜ።